የኔትወርክ ካርዱና አስተርጓሚው፦ ጤነኛ ኮምፒውተር ለምን ዲዳ ይሆናል?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ አበው። እኔም ዛሬ ስለ ድር ላወጋችሁ ነው። ሆኖም የማነሳው አበው ያሉትን የአንድነት ድር ሳይሆን ኮምፒውተርን ከኮምፒውተር ጋር የሚያያይዘውን ድርና፣ ይህ ድር ከእያንዳንዱ ኮምፒውተር ጋር የሚቋጠርበትን ትንሽ ቋጠሮ ነው። ቋጠሮው የኔትወርክ ካርድ «ድራይቨር» ይባላል። የፖለቲካና የታሪክ ክርክር ማንበብ የለመዳችሁ ወገኖቼ «ይህ የጥገና ሠራተኛ ጉዳይ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። በእኔ እምነት ግን ጉዳዩ የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ገንዘብ ከፍለን የገዛነው ዕቃ በእርግጥ የእኛ ነው ወይስ የሌላ ሰው ፈቃድ እስካለ ድረስ ብቻ የሚሠራልን ውሰት ነው? ለዚህ ጥያቄ ከዚህች ትንሽ ሶፍትዌር የተሻለ ማስረጃ አላየሁም።

ለዓመታት በኮምፒውተርና በኔትወርክ ሙያ ስተዳደር ከአገሬ ልጆች ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ይጽፋል፣ ያነባል፤ ኢንተርኔት ግን እምቢ አለኝ። ካርዱ ተቃጥሎ ይሆን?» ይሉኛል። መልሴ አብዛኛውን ጊዜ «አልተቃጠለም፤ አስተርጓሚ ነው ያጣው» የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ ያቺን አጭር መልስ ለመዘርዘር የተጻፈ ነው። (የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካርዱ ሁለት ፊት አለው

ኤተርኔት የሚባለው የኮምፒውተሮች መገናኛ ዘዴ የተጸነሰው በ1973 ካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል፣ በሮበርት ሜትካፍና በባልደረቦቹ ነው። በ1983 ደግሞ አይ ትሪፕል ኢ በተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር አማካይነት የጋራ ደንብ ወጣለት። በዚህ ደንብ መሠረት በሽቦው ላይ የሚሄደው እያንዳንዱ መልእክት ቅርጹ የታወቀ ነው። መጀመሪያ 6 ባይት የተቀባይ አድራሻ፣ ቀጥሎ 6 ባይት የላኪ አድራሻ፣ ከዚያ 2 ባይት የዓይነት መለያ፣ ከዚያ ከ46 እስከ 1500 ባይት የሚደርስ ዋናው ጭነት፣ በመጨረሻም ስሕተት መመርመሪያ 4 ባይት ይኖረዋል። ከአድራሻው የመጀመሪያዎቹ 3 ባይቶች ለአምራቹ በማኅበሩ የተሰጡ ስለሆኑ ሁለት ካርዶች አንድ አድራሻ ይዘው እንዳይወለዱ ይጠብቃሉ።

እንግዲህ ታይዋን የተሠራ ካርድና አሜሪካ የተሠራ ካርድ ያለ ምንም ጠብ የሚነጋገሩት በዚህ የጋራ ደንብ ምክንያት ነው። ይህ የካርዱ የፊት ገጽ ነው፤ ወደ ሽቦው፣ ወደ ዓለም የሚያየው።

ካርዱ ግን ሌላ ፊትም አለው፤ ወደ ውስጥ፣ ወደ ኮምፒውተሩ የሚያየው። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በዚህኛው በኩል የጋራ ደንብ የለም። መልእክት ለመላክ የትኛው የካርዱ መዝገብ ላይ ምን ቁጥር እንደሚጻፍ፣ የመጣው መልእክት የትኛው ማኅደረ ትውስታ ላይ እንደሚራገፍ፣ ካርዱ ሲታመም ሕመሙን በምን ምልክት እንደሚናገር፣ ይህን ሁሉ እያንዳንዱ አምራች እንደ ልቡ ይወስናል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይህን የቤት ቋንቋ አያውቅም። ስለዚህ በመካከል የሚቆም አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ድራይቨር ማለት ይኸው አስተርጓሚ ነው።

አስተርጓሚ ደግሞ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በ1889 የተፈረመውን የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ማስታወስ ይበቃል። በአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ የኢጣሊያን መንግሥት አጋዥነት መጠቀም ይችላሉ የሚል ነበር። በኢጣሊያንኛው ግን መቻሉ ግዴታ ሆኖ ተገኘ። የአንዲት ግስ ልዩነት አገርን አድዋ ድረስ ይዞ ሄደ። ሁለት ወገኖች በማይገናኙበት ቦታ ትርጉሙን የያዘ ሰው ሥልጣን አለው። በኮምፒውተሩ ውስጥም እንዲሁ ነው።

ድራይቨሩ ምን ይሠራል?

ነገሩን በምሳሌ ለማየት በ2001 የወጣውን ዊንዶውስ ኤክስፒ እንውሰድ። ኮምፒውተሩ ሲበራ ሲስተሙ በውስጡ የተሰኩትን ካርዶች አንድ በአንድ «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። ካርዱም ሁለት ቁጥሮች ይመልሳል፤ አንዱ የአምራቹ፣ ሁለተኛው የሞዴሉ። ለምሳሌ የኢንቴል ኩባንያ መለያ 8086 ነው። ይህን ቁጥር የመረጠው በ1978 ባወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰሩ ስም ነው። «ፕሮ 100» ከሚባሉት የኔትወርክ ካርዶቹ ብዙዎቹ ደግሞ 1229 የሚል የሞዴል ቁጥር ይዘዋል። ኤክስፒ እነዚህን ቁጥሮች ይዞ «ኢንፍ» የሚባሉትን የጽሑፍ ፋይሎች ያገላብጣል። ቁጥሩ የሰፈረበት መስመር ካገኘ እዚያ የተጠቀሰውን የድራይቨር ፋይል ወደ ማኅደረ ትውስታ ይጭናል። ካላገኘ ዲቫይስ ማኔጀር በሚባለው መስኮት ላይ ቢጫ የጥያቄ ምልክት ለጥፎ ዝም ይላል። አብዛኞቻችን የምናውቃት ያቺ ቢጫ ምልክት ትርጉሟ «ተበላሽቷል» ሳይሆን «ማን እንደሆነ ቁጥሩን ነግሮኛል፤ ቋንቋውን የሚያውቅልኝ ግን አላገኘሁም» ማለት ነው።

ድራይቨሩ ከተጫነ በኋላ ሥራው ወፍጮ ቤት ተራ ከሚጠብቁ ጆንያዎች ጋር ይመሳሰላል። ድራይቨሩ ባዶ ጆንያዎችን በተርታ ይደረድራል፤ እያንዳንዱ ጆንያ ላይ በአሁኑ ሰዓት የማን እንደሆነ የሚናገር ምልክት አለ፤ ወይ የካርዱ፣ ወይ የድራይቨሩ። መልእክት ከሽቦው ሲደርስ ካርዱ ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር በቀጥታ ተራ የደረሰውን ጆንያ ይሞላል፣ ምልክቱን ይገለብጣል፣ ደወል ይደውላል። ድራይቨሩ ደወሉን ሰምቶ ይመጣል፣ ጆንያውን ያራግፋል፣ ባዶውን መልሶ ተርታው ውስጥ ያስገባል። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ ሽቦ ላይ ትናንሾቹ መልእክቶች ተከታትለው ከመጡ ቁጥራቸው በሴኮንድ ከ148 ሺህ ይበልጣል። ለእያንዳንዱ መልእክት ደወል ቢደወል ፕሮሰሰሩ ደወል ከመስማት ሌላ ሥራ አይኖረውም። ስለዚህ ጥሩ ድራይቨር በአንድ ደወል ብዙ ጆንያ ያራግፋል።

ልብ ይሏል፤ ይህ አጠቃላይ አሠራሩ ነው እንጂ ዝርዝሩ ከካርድ ካርድ ይለያል። የኢንቴሉ ፕሮ 100 መልእክቶቹን እንደ ሰንሰለት በተያያዙ የማኅደረ ትውስታ ክፍሎች ውስጥ ያስቀምጣል። በርካሽነቱ ዓለምን ያጥለቀለቀው ሪልቴክ 8139 ደግሞ የመጣለትን ሁሉ አንድ ረጅም ገንዳ ውስጥ አከታትሎ ያፈሳል፤ ቀድቶ ማውጣት የድራይቨሩ ዕዳ ነው። ለመላኪያም ያለው አራት ቦታ ብቻ ነው። ሁለቱም ካርዶች ሽቦው ላይ የሚያወጡት መልእክት አንድ ዓይነት ነው። ሆኖም የአንዱን ድራይቨር ለሌላው መስጠት ማለት ቻይንኛ ለሚናገር እንግዳ የአረብኛ አስተርጓሚ እንደ መመደብ ነው።

ሌላም አስጊ ነገር አለ። ድራይቨር እንደ ተራ ፕሮግራም በአጥር ውስጥ አይኖርም። የሚሠራው በሲስተሙ እምብርት፣ ሙሉ ሥልጣን ይዞ ነው። ተራ ፕሮግራም ቢሳሳት ራሱ ብቻ ይወድቃል። ድራይቨር ቢሳሳት ግን ቤቱን ሁሉ ይዞ ይወድቃል። ያ ብዙዎቻችንን ያስደነገጠ ሰማያዊ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ ይኸው ነው።

ውሉም ዕድሜ አለው

ነገሩ ከዚህም የባሰ ጊዜ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ኖቬል የተባለው ኩባንያ ያወጣው ኤንኢ 2000 ካርድና እሱን አስመስለው የተሠሩት ብዙ ርካሽ ካርዶች በነገሡበት ዘመን፣ ተጠቃሚው ራሱ ካርዱ ላይ ትንንሽ ፒኖችን እያያያዘ የደወሉን ቁጥርና የአድራሻውን በር ይመርጥ ነበር። ሁለት ካርዶች አንድ ቁጥር ከያዙ ሁለቱም ይደናቆራሉ።

በዚያው ዘመን ማይክሮሶፍትና ስሪኮም «ኤንዲስ» የተባለ ውል አወጡ። የውሉ ሐሳብ ብልህነት የተሞላበት ነው። አስተርጓሚው ወደ ካርዱ ሲዞር የፈለገውን ቋንቋ ይናገር፤ ወደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሲዞር ግን ሁሉም አስተርጓሚዎች አንድ የተወሰነ ቋንቋ ይናገሩ የሚል ነው። በዚህም ምክንያት ከላይ ያለው የኢንተርኔት ሶፍትዌር ከታች ያለው ቺፕ ኢንቴል ይሁን ሪልቴክ ማወቅ አያስፈልገውም።

ሆኖም ውሉም ይታደሳል። ዊንዶውስ 2000 የኤንዲስን 5.0፣ ኤክስፒ 5.1፣ ቪስታ ደግሞ 6.0 ይዘው መጡ። አዲስ ካርድ ያወጣ አምራች ድራይቨሩን ለ6.0 ብቻ ከጻፈው ኤክስፒ ሊቀበለው አይችልም። ለ32 ቢት ዊንዶውስ የተጻፈ ድራይቨርም በ64 ቢቱ ላይ አይጫንም። ካርዱም ሽቦውም አልተለወጡም፤ የተለወጠው ውሉ ነው። አምራቹ በአዲሱ ውል መሠረት እንደገና ካልጻፈ፣ ወይም ሌላ ሰው እንዲጽፍ የካርዱን ቋንቋ ካላሳወቀ፣ ጤነኛው ካርድ በቁሙ ሞተ ማለት ነው።

ቁልፉ ሳጥኑ ውስጥ ሲቆለፍ

በ2010 እኔና ጥቂት ጓደኞቼ አንድ መሥሪያ ቤት ሊጥላቸው የነበሩ 14 ኮምፒውተሮችን ሰብስበን አገር ቤት ላለ ትምህርት ቤት ለመላክ ተነሳን። ዲስካቸው በደንቡ መሠረት ተጠርጎ ነበር። ዊንዶውስ ኤክስፒን እንደገና ስንጭንባቸው ሁሉም አማረባቸው፤ ኔትወርክ ግን የለም። የኤክስፒ ሲዲ የተዘጋጀው ካርዶቹ ከመሠራታቸው በፊት ስለሆነ አያውቃቸውም። አስተርጓሚው የሚገኘው ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ኢንተርኔት ለመግባት ደግሞ አስተርጓሚው ያስፈልጋል። የሳጥኑን ቁልፍ ሳጥኑ ውስጥ ቆልፎ መሄድ ይሏል ይህ ነው።

እርግጥ ነው፣ እኛ በውጭ አገር የምንኖር ሰዎች መውጫ አናጣም። ሌላ ኮምፒውተር ላይ አውርደን በፍላሽ ዲስክ እናመጣዋለን። ያኔ ግን የአምራቹ ገጽ ላይ ያ ሞዴል ተሰርዟል። ብንጽፍላቸው «ምርቱ ድጋፍ ከሚሰጣቸው ውስጥ የለም» የሚል መልስ መጣ። እንግዲያው ካርዱ እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጸውን ሰነድ ስጡን ብንል «ምስጢር ነው» ተባልን። ድጋፉ አበቃ፤ ምስጢሩ ግን አላበቃም! የማይሸጡትን፣ የማይጠግኑትን፣ ረስተነዋል የሚሉትን ዕቃ ቋንቋ ለምን እንደሚደብቁ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከዚያ የሊኑክስ ሲዲ አስገባንባቸው። ካርዶቹ በመጀመሪያው ሙከራ ተናገሩ። ያው ካርድ፣ ያው ሽቦ። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ የካርዱን ቋንቋ አጥንቶ አስተርጓሚውን በአደባባይ የጻፈ ሰው መኖሩ።

ዝግ ቋንቋ የፈቱ ሰዎች

እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ከቀደምቶቹ አንዱ ዶናልድ ቤከር ነው። ቤከር በናሳ የጎዳርድ ማዕከል ሲሠራ፣ በ1994 ከቶማስ ስተርሊንግ ጋር ሆኖ 16 ተራ የ486 ኮምፒውተሮችን በኤተርኔት አያይዞ «ቤዎልፍ» የተባለውን ርካሽ ሱፐር ኮምፒውተር ሠራ። ለዚህ ሥራ ለሊኑክስ የሚሆኑ የኔትወርክ ካርድ ድራይቨሮች ስላስፈለጉት በርካታዎቹን ራሱ ጽፎ ለሕዝብ አበረከተ። የኤንኢ 2000ና የሪልቴክ 8139 የሊኑክስ ድራይቨሮች መነሻ የእሱ እጅ ነው። ለራሱ ሥራ ብሎ የጻፈው አስተርጓሚ ዓለምን ዞሮ የማያውቃቸውን ትምህርት ቤቶች አገለገለ።

ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ የነጻ ሶፍትዌር ንቅናቄ ራሱ ከእንዲህ ዓይነት ጠብ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል። በ1980 ገደማ ሪቻርድ ስቶልማን በኤምአይቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ የዜሮክስ ሌዘር ማተሚያ ወረቀት በተቆለፈበት ቁጥር ለተጠቃሚዎች እንዲናገር ለማድረግ ፈለገ። የማተሚያውን ሶፍትዌር ጽሑፍ የያዘ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ግን የምስጢር ውል ፈርሜያለሁ ብሎ ከለከለው። ስቶልማን በ1983 የግኑን ፕሮጀክት ሲያውጅ ያቺ ቂም አብራው ነበረች።

ሦስተኛው ታሪክ የብሮድኮም የገመድ አልባ ካርዶች ነው። ኩባንያው የቺፖቹን ሰነድ ለሕዝብ ባለመስጠቱ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች «ኤንዲስራፐር» በሚባል ብልሃት ይጠቀሙ ነበር፤ የዊንዶውሱን ድራይቨር ዊንዶውስ ውስጥ ያለ መስሎት እንዲሠራ የሚያታልል ፕሮግራም ነው። በኋላ ግን በጎ ፈቃደኞች በሁለት ቡድን ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን የተዘጋውን ድራይቨር ባሕርይ አጥንቶ በቃላት ገለጻ ብቻ ጻፈ። ሁለተኛው ቡድን ዝጉን ድራይቨር ፈጽሞ ሳያይ ከገለጻው ተነስቶ አዲስ ድራይቨር ሠራ። እንዲህ ያደረጉት በመቅዳት እንዳይከሰሱ ነው። ሥራቸው በጁን 2006 በወጣው የሊኑክስ 2.6.17 ውስጥ ገባ። ብሮድኮም ራሱ በ2010 ለአዳዲስ ቺፖቹ ክፍት ድራይቨር ይዞ ብቅ አለ። ተዘግቶ የኖረው በር ከውስጥም መከፈት ጀመረ ማለት ነው።

የሌላውንም ወገን እንስማ

ሚዛናዊ ለመሆን የአምራቾቹንም ክርክር ማንሳት ይገባል። አንዳንዶቹ የንግድ ምስጢር ነው ይላሉ። አንዳንዶቹ በቺፑ ውስጥ ከሌላ ኩባንያ በፈቃድ የወሰድነው ነገር ስላለ ማሳተም አንችልም ይላሉ። የገመድ አልባ ካርድ አምራቾች ደግሞ ተጠቃሚው የሬዲዮውን ኃይል ከሕግ በላይ እንዳያሳድግ እንሰጋለን ይላሉ። እነዚህ ሁሉ ባዶ ምክንያቶች ናቸው አልልም። ግን ኢንቴል የፕሮ 100ን ቺፖች የፕሮግራም መመሪያ ለክፍት ሶፍትዌር ጸሐፊዎች አሳትሟል፤ በዚህም አልከሰረም። ገዢው ካርዱን ይገዛል እንጂ መመሪያውን ስላነበበ ፋብሪካ አይከፍትም።

ክፍት መሆንም የዘላለም ሕይወት አይሰጥም። ለምሳሌ «ቶክን ሪንግ» የተባለው የቆየ የኔትወርክ ዓይነት ተንከባካቢ በማጣቱ በ2012 ከሊኑክስ ወጥቷል። ልዩነቱ ጽሑፉ በአደባባይ ስላለ የፈለገው ሰው ከመዝገብ አውጥቶ ሊያነሳው መቻሉ ነው። ዝጉ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

በተጨማሪም ለአሮጌ ሲስተም ድራይቨር ማግኘት ብቻውን ጤና አይደለም። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ኤፕሪል 8 ቀን 2014 አብቅቷል። በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ተውሳክ ዓለምን ሲያተራምስ ኩባንያው ለኤክስፒ እንኳ የአስቸኳይ ጊዜ መድኃኒት ለማውጣት ተገድዷል። ዛሬ ኤክስፒን ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘት በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው። አሮጌውን ካርድ ማዳን ከተፈለገ የሚያዋጣው የካርዱን ቋንቋ የሚያውቅ፣ እየታደሰ ያለ ሲስተም ላይ ማሠራት ነው።

እኛስ?

ይህ በሽታ ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች እንግዳ አይደለም። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ እስኪገባ ድረስ እያንዳንዱ የፊደል ሶፍትዌር አዘጋጅ ፊደላቱን በራሱ ቁጥር ይደለድል ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝባዝንኬ ይሆናል። ሶፍትዌሩ ከገበያ ሲጠፋ ጽሑፉም አብሮት ዲዳ ይሆናል። ጽሑፉ የእኛ፣ ቁልፉ የሌላ። ያ መከራ ያበቃው የጋራና ግልጽ ደንብ ሲመጣ ነው። የካርዱም የጀርባ ፊት የሚጠይቀው ያንኑ ነው።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻም አይደለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር የማይችሉ ብዙ ጤነኛ ኮምፒውተሮች ከቢሮ ወጥተው ከፊሎቹ በስጦታ መልክ አገር ቤት ይገባሉ። ስለዚህ ኮምፒውተር ለመላክ የሚያስብ ወገን ሁሉ የሚከተሉትን ቢያደርግ እላለሁ።

አንደኛ፣ ከመላኩ በፊት የእያንዳንዱን ኮምፒውተር የኔትወርክ ካርድ የአምራችና የሞዴል ቁጥር መዝግቡ። ሳጥኑ ላይ ያለው የንግድ ስም አይበቃም፤ በአንድ ስም የሚሸጡ ካርዶች ውስጣቸው የተለያየ ቺፕ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ድራይቨሩን ዛሬ ገጹ ሳይጠፋ አውርዳችሁ በፍላሽ ዲስክ ከኮምፒውተሩ ጋር አብራችሁ ላኩ። ኢንተርኔት ደካማና ውድ በሆነበት ቦታ ይህች ትንሽ ፋይል ከኮምፒውተሩ እኩል ዋጋ አላት።

ሦስተኛ፣ የሊኑክስ ማስነሻ ዲስክ አስገብታችሁ ካርዱ ይናገር እንደሆነ እዚሁ ሞክሩት። ከተናገረ ኮምፒውተሩ ገና ብዙ ዘመን አለው።

አራተኛ፣ ይህ በተለይ በመንግሥትና በዩኒቨርሲቲ ግዢ ላይ ያላችሁ ባለሙያዎችን ይመለከታል፤ በጨረታ ሰነዳችሁ ላይ «ሰነዱ የታተመ ወይም ክፍት ድራይቨር ያለው ካርድ» የሚል አንድ መስመር አስገቡ። ብዙ ሺህ ዕቃ የሚገዛ ተቋም የሚጠይቀውን መስመር ሻጭ በቀላሉ አይንቅም።

አምስተኛ፣ በሙያው ያላችሁ ወጣቶች የአንድ አሮጌ ካርድን ክፍት ድራይቨር ከፍታችሁ አንብቡ። የሪልቴክ 8139 ድራይቨር ጥቂት ሺህ መስመር ብቻ ነው። በዚያች ውስጥ ደወሉን፣ ጆንያውንና ገንዳውን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ከማንም ፈቃድ ሳትጠይቁ የአንድን ማሽን ቋንቋ መማር እንደሚቻልም ትረዳላችሁ።

ድር የሚያብረው ክሩ ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ ቋጠሮው በእጃችን ሲሆን ነው። ቋጠሮውን ሌላ ሰው ከያዘው ግን ክሩ የቱንም ያህል ቢጠነክር የሚፈታውና የሚያስረው እሱ ይሆናል።

ቸር ይግጠመን።